አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለእሱ

ኤዲተሯ አዲሱን ኮምፒውተሯን የገጠመችው አልጋዋ ላይ ነው። ጠረጴዛ አጥታ አይደለም። ጠረጴዛውን አሮጌው ላፕቶፕ፣ የደንበኞች ፍላሽ የታጨቀበት ካርቶንና የአክስቷ መድኃኒት ተካፍለውት መርፌ መጣያ ቦታ ስለሌለው ነው። አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብሎኖቹን በስኒ ማስቀመጫ ይዘውላታል። ብሎን ስትጠይቃቸው ዝም ብለው አያቀብሏትም፤ አንዷን መርጠው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው፣ እንቁላል እንደሚገዛ ሰው አገላብጠው ካዩ በኋላ ነው።

«እንቺ፣ ይቺ ትሻላለች።»

«እትዬ፣ ሁሉም እኮ አንድ ናቸው።»

«አንድ ከሆኑ ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

ብሎኗን ተቀብላ አጠበቀቻት።

ሥራዋ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የቪዲዮ ቀራጮች ሰው ሲበላ፣ ሲጨፍርና ሲላቀስ የዋለበትን ሁሉ አምጥተው ይደፉባታል። እሷ ቆርጣ፣ ቀጥላ፣ ሙዚቃ አልብሳ፣ የአጎትየውን ስካር ደብቃ፣ የሙሽራዋን እናት ዕንባ አሳምራ ታስረክባለች። የዘንድሮ ካሜራ ደግሞ ሆዱ አይሞላም፤ የአንድ ሰርግ ቀረጻ ብቻውን ላፕቶፑን እስከ አፍ ጢሙ ይሞላዋል። ስለዚህ ከየሱቁ ዕቃ በየተራ ገዛዝታ፣ ኬዝ የሚሉትን ሰፊ ሳጥን መርጣ፣ ዋናውን ሰሌዳ ማዘርቦርዱን አሰረች፤ ኃይል ሰጪውን ፓወር ሰፕላይ ከተተች። ዛሬ የቀራት ሃርድ ዲስኮቹን መደርደር ብቻ ነው። ኬዙ ለዲስክ የተሠሩ አራት መሳቢያዎች አሉት። በላይኛው ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ፈጣኑ ዲስክ ገባ፤ በሁለተኛው የሥራ ማስቀመጫው፣ በሦስተኛው የሥራው ቅጂ።

«የታችኛው ባዶውን ሊቀር ነው?» አሉ አክስቷ።

«የሚገባበት አለ።»

«ሦስት ብቻ አይደል እንዴ የገዛሽው?»

ኤዲተሯ ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ከክረምት ልብሶቿ ሥር በሱፍ ሻርፕ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አክስቷ ገና ሻርፑን ሲያዩ አወቁት። ስኒ ማስቀመጫውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያ ሁሉ ኬዝና ኬብል የተገዛው ለዚህ ለአራተኛው ነው። ለሥራ ነው ስትል የከረመችው ለሰው ነበር፤ ለራሷም ጭምር። አራት ዓመት ሙሉ «ላፕቶፕ ውስጥ አይገባማ፣ ምን ላድርግ» እያለች ራሷን ስትሸነግል ኖራለች። በየሱቁ የሚሸጥ አንዲት ኬብል ብትገዛ ላፕቶፑም እንደሚያነበው ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ፈርታ ነው። ዲስኩ እስካልተከፈተ ድረስ ባሏ እውስጡ አለ።

ባሏ የሞተ እንዳይመስላችሁ። ደህና ነው፤ ሁለት ሰፈር አልፎ ፎቶ ቤት ከፍቶ ጉርድ ፎቶ ያነሣል። ተፋተዋል እንጂ።

አብረው በነበሩ ጊዜ ባለካሜራው ባሏ ይቀርጻል፣ እሷ ታቀናብራለች። ከእያንዳንዱ ሰርግ በፊት ካሜራው ነጭን ነጭ ብሎ እንዲያውቅ አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ይዞ ፊቱ መቆም ነበረበት። የምትቆመው እሷ ነበረች። የድምፅ መቀበያውም እንዲሞከር አንድ ነገር መናገር አለባት። «ተናገሪ እንጂ፣ የኔ ወረቀት» ይላታል ከካሜራው ጀርባ። «ምን ልናገር?» ትለዋለች። «ያገኘሽውን።» እሷም ስለ ሙሽራው ጠባብ ጫማ፣ ስለ ጠዋቱ ፀብ፣ ስለ ጎረቤት ድመት አፏ እንዳመጣላት ታወራለች። እሱ ካሜራው እስኪነቃነቅ ይስቃል፤ ይመልስላታል፤ ያበሽቃታል። ቤታቸው ሲገቡ ሁለቱም ዝምተኞች ነበሩ፤ ካሜራው ሲበራ ብቻ አንደበታቸው የሚፈታ ጉደኞች። ሳምንቱን ሙሉ ያልተነጋገሩትን በዚያች በሁለት ደቂቃ ይነጋገሩታል። እነዚያን ሙከራዎች አልደመሰሷቸውም። «ስናረጅ ቁጭ ብለን እናያቸዋለን» እየተባባሉ «ሙከራ» የሚል ፎልደር ውስጥ ያጠራቅሟቸው ነበር።

ባለካሜራ ደግሞ የራሱ ፎቶ የለውም። የሰውን ሁሉ ፊት ሲያነሣ ውሎ እሱን የሚያነሣው ያጣል። እሷ ዘንድ የቀሩት ሁለት ደብዛዛ ፎቶዎች ናቸው፤ አንደኛው ላይማ የሚታየው ጀርባው ነው። ድምፁ ግን እዚያ ፎልደር ውስጥ አለ። ሌሎች ቀራጮች በሚያመጡላት ቀረጻ መጀመሪያ ላይም እንዲህ ያለ ሙከራ አይጠፋም፤ አንዱ ወረቀት ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ከጀርባ ያወራል። ሥራዋ እሱን ቆርጦ መጣል ነው። አንዳንድ ቀን ግን መቁረጡን ትታ የሰውየውን ድምፅ ደግማ ደጋግማ ታጫውተዋለች። የእሱ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ አውቃም ታጫውተዋለች። ናፍቋታል። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

አለያየታቸውም እንደ አኗኗራቸው በዝምታ ነበር። በአንድ ተልካሻ ነገር ተኳረፉ፤ ኩርፊያው ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። አንድ ቀን «ከከፋሽ መሄድ ትችያለሽ» አላት። አትሂጂ እስኪላት ድረስ በር ላይ ጫማዋን ስታስር ዘገየች፤ እሱ ደግሞ አልሄድም እስክትለው ጠበቀ። ሄደች። ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዙት አክስቷ ናቸው።

አክስቷ ፍርድ አዋቂ ነኝ ባይ ናቸው፤ ፍርድ ማለት ደግሞ ለእሳቸው እኩል መቁረጥ ነው። ስድስት ወንበር፣ ሦስቱ ለአንቺ፣ ሦስቱ ለእሱ። ጥንድ መጋረጃ፣ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለእሱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የኤዲተሯ መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚሸፈነው። ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርሱ ባለካሜራው ሳጥኑን ፈትቶ ሁለት ዲስክ አወጣ። አክስቷ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጃቸው መዝነው፣ እኩል መክበዳቸውን አረጋግጠው፣ «ሁለት ናቸው፣ ሁለት ናችሁ፤ ምን ያጨቃጭቃል?» አሉ። እሷም አልከፋትም። ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ የምታየው አንድ ትልቅ ዲስክ ስለነበረ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ቅጂ መስሏት ነው የኖረችው። የገጠመው እሱ ነው፤ ጠይቃው አታውቅም። ዲስኮቹ ሲከፋፈሉ ባለካሜራው አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ሲዘጋው አይታዋለች። ሊሰናበታት ፈልጎ ያቃተው ነበር የመሰላት።

«እንቺ» አሉ አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው። የአሁኗን ብሎን ሳያገላብጡ ነው ያቀበሏት።

ዲስኩን መሳቢያው ላይ በአራት ብሎን አሰረችው፤ ገፋ ስታደርገው ቀጭ ብሎ ተቀመጠ። ቀጭኑን የዳታ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ በቀረችው ሶኬት ሰካችው። የኃይሉ ኬብል ግን እታችኛው መሳቢያ አልደርስም አለ። የሦስቱንም ነቅላ፣ ኬብሉን በጀርባ አዙራ እንደገና ስትሰካ የኬዙ ጠርዝ ጣቷን ጫረው።

«ደምተሻል እኮ፣ ጥረጊው።»

«እሺ» አለች፤ አልጠረገችውም። የመጨረሻውን ብሎን በካቻቢቴው አጥብቃ ማብሪያውን ተጫነች።

ማራገቢያዎቹ ዞሩ። አሮጌው ዲስክ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው አንዴ አጉረመረመና ተነሣ። ስክሪኑ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዲስክ ተደረደረ። አራተኛው አልመጣም።

«ምነው?» አሉ አክስቷ።

«የለም።»

«ምኑ?»

«ምንም የለበትም። አጥፍቶት ነው የሰጠኝ!» ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ሱፍ አልብሳ ያስቀመጠችው ባዶ ብረት ነው ማለት ነው? በየክረምቱ ሻርፑን ላውጣ አላውጣ ስትል የኖረችው ለዚህ ነው?

«እሱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም» አሉ አክስቷ ቀስ ብለው።

እንዳልነበረ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የዲስኮቹ ዝርዝር ሁኔታ የሚታይበትን ገጽ ከፈተች። አራተኛው እዚያ አለ። ከአጠገቡ አንዲት መስመር ተጽፋለች። አነበበቻት፤ ደግማ አነበበቻት።

«ምን ይላል?»

«ከጥንድ አንዱ ነኝ ይላል። ጓደኛዬ የለም ይላል።»

«ማሽኑ ነው እንዲህ የሚለው?»

ማሽኑ ነው። ነገሩ ሲገባት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባለካሜራው ሁለቱን ዲስኮች ያጣመራቸው ፍጥነት ፈልጎ ነው። እንዲህ የተጣመሩ ዲስኮች እያንዳንዱን ፊልም ከትፈው፣ አንዷን ቁራጭ ይሄኛው፣ ቀጣይዋን ያኛው እየያዘ ነው የሚጽፉት። አብረው ሲሆኑ እንደ አንድ ይነበባሉ። ሲለያዩ ግን እያንዳንዳቸው ዘንድ ግማሽ ፊልም ይቀራል ማለት አይደለም፤ የሚነበብ ምንም አይቀርም።

ይህንን ስታስረዳቸው አክስቷ ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው። «ታዲያ እኔ ነኛ የገደልኩት። በእነዚህ እጆቼ።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ እትዬ? እሱ ግን ያውቅ ነበር።»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው። እሱ ያውቅ ነበር። እያወቀ ዝም አለ። ለምን? ለክፋት ከሆነ ቁርጧን ትወቅ። ለክፋት ካልሆነስ? ሌላኛው ዲስክ እሱ ጋ ነው። ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ቢገቡ ሁሉም ነገር ይነበባል፤ ሳቁም፣ «የኔ ወረቀት»ም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«እሱ ጋ።»

ከተለያዩ ጀምሮ ስለ እሱ ወሬ እንዳያነሡባት አክስቷን አስምላቸዋለች። አክስቷ እንደ መነሣት ብለው፣ «ልጄ፣ ሳትሄጂ አንድ ነገር...» ሲሉ እጇን አወዛወዘች።

«ምንም አይንገሩኝ እትዬ። በሚወዱት ይዤዎታለሁ።»

«እንግዲያው ፀጉርሽን እንኳ አበጥሪ» አሉ። አበጠረች።

መንገዱን በእግሯ ሄደችው። ታክሲ ያንገጫግጨዋል ብላ ነው፤ አራት ዓመት የተጠበቀ ዲስክ እንዴት ይንገጫገጫል? ሻርፑን ከነዲስኩ ደረቷ ላይ አቅፋ የምትለውን ስታሰላ ሄደች። መጀመሪያ ትቆጣዋለች። ከዚያ እሱ ያስረዳል። ከዚያ ያበሽቃታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ደፍራ አላሰበችውም፤ እግሯ ግን እንደ ልጃገረድ ይፈጥን ነበር።

ፎቶ ቤቱ በቁልፍ ቀራጭና በጫማ ሰፊ መሃል ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ባለካሜራው አንድ ሰውዬ ነጭ መጋረጃ ፊት አስቀምጦ «አገጭዎን ዝቅ፣ እንደሱ፣ ዓይንዎን እዚህ» ይላል። ድምፁን በር ላይ ቆማ ሰማችው። ትንሽ ጎርናና ሆኗል። ጢሙ ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ወፈር ብሏል። ሰውየው ፎቶውን ተቀብሎ እስኪወጣ እዚያው ቆየች።

«አንቺ!» አለ ባለካሜራው ዞር ሲል።

ወንበር ሳበላት። ከባንኮኒው ላይ ትንሽዬ የሕፃን ጫማ አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ፤ ዘግይቷል፣ አይታዋለች። ጥርስ ባላበቀለ አፏ የምትስቅ ሕፃን ፎቶ ከበስተጀርባው ግድግዳውን ሞልቶታል።

«ያንተ ናት?»

«አዎ። ዓመቷን ልትደፍን ነው።»

«ታምራለች።»

«እናቷን ነው የምትመስለው።»

«አገጯ ያንተ ነው» አለች ቀስ ብላ። መንገድ ላይ ስታሰላው የመጣችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

የባለካሜራው ዓይን ሻርፑ ላይ አረፈ። ሳትፈታው አወቀው። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዛሬ አመጣሽው?» አለ። ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረበትም።

«አይከፈትም።»

«አይከፈትማ። ለብቻው አይከፈትም።» ሳቀ፤ የማያስቅ ሳቅ። «ያን ቀን አክስትሽ ሲያካፍሉን ልናገር ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።»

«ለምን?»

ካሜራውን አንሥቶ ያጠፋው፣ መልሶ ያበራው ጀመር። የሚያወራውም ለካሜራው ነበር። «አትሂጂ ማለት አቃተኝ። ተመለሺ ብዬ መላክ ደግሞ ኩራቴ እምቢ አለ። ስለዚህ ትከፍተዋለች አልኩ። ዛሬ ባትከፍተው ነገ ትከፍተዋለች፤ አልሠራ ሲላት ተናዳ ትደውልልኛለች። ስድቧን ስትጨርስ ይዘሽው ነይ፣ አብረን እንክፈተው እላታለሁ አልኩ። ሁሉን አሰናድቼ ነበር እኮ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንቺ ነበር የምትመስይኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልደወልሽም። ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዓመት ተጨመረ። ኤዲተር ሆና ዲስክ ሳትከፍት የምትቀር ሰው የለችም አልኩ። ከፍታዋለች፣ አልሠራ ብሏታል፣ ለእሱ ብላ ስልክ ማንሣቱ እንኳ ታክቷታል። ያኔ ቁርጤን አወቅኩ። እናቷን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው።» ወደ ግድግዳው ፎቶ በአገጩ አመለከተ። «እሷ ስትወለድ ፎቶዋ ማስቀመጫ ጠፋ። ያን የኔን ዲስክ ፎርማት አድርጌ ባዶ አደረግኩት። አሁን ያለበት የእሷ ነው።»

ኤዲተሯ ሻርፑን በሁለት እጇ ያዘችው። ሳቁ፣ ንግግሩ፣ ማብሸቁ ግማሹ እዚህ ጭኗ ላይ አለ፤ ሌላው ግማሽ በሕፃን ፎቶ ተሸፍኗል፤ ከእንግዲህ በምንም ብልሃት አይገጥምም። ይህ ከባድ ነው። ከዚህ የከበደው ግን ጠብቋት መኖሩ ነው። እሷ ዲስክ አቅፋ ስትናፍቀው እሱ ስልክ ይዞ ሲናፍቃት ኖሯል። በማንም ሱቅ የምትገኝ አንዲት ኬብል ነበረች በመሃላቸው የጎደለችው።

«ቶሎ ነበር አይደል የከፈትሽው?» አለ።

እንደ ቀላል ነገር ነው የጠየቃት። ካሜራውን የሚያበራና የሚያጠፋው ጣቱ ግን ቆሟል። ቀና ብሎም አላያትም።

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው የከፈትኩት፣ አልሠራ እንዳለኝ ሮጬ መጣሁ። ብትነግረው በዓለም ላይ ይህ ነገር የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ግን ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ሕፃኗን ያቅፋል። ሚስቱ ምን ሆንክ ትለዋለች። እሱ ዝምተኛ ነው፣ ምንም አልሆንኩም ይላታል፤ ነገ እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። የእሱ ዝምታ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እሷ ኖራበት አይታዋለች።

«በማግስቱ» አለች።

«በማግስቱ?»

«በማግስቱ ከፈትኩት። አልሠራ ሲለኝ ተበላሽቷል ብዬ አንዱ ጥግ ወረወርኩት። ሥራም በዝቶብኝ ነበር።»

ትከሻው ወረደ። ተነፈሰ። አንጀቷን የበላው ይህ እፎይታው ነው።

«እንደዚያ ነው ያልኩት» አለ። «አውቄው ነበር።»

«አዲስ ኮምፒውተር ገጥሜ ዲስክ ስላነሰኝ ነው የመጣሁት። የተጣመረ ስለሆነ አንተ ታጸዳልኛለህ ብዬ ነው» አለች። የማጽዳቱን ሥራ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች፤ ሌላ ሰበብ ግን አልመጣላትም። ሻርፑን ፈታ ዲስኩን ሰጠችው።

ባለካሜራው የራሱን ኮምፒውተር ጎን ከፍቶ ዲስኩን ከሌላኛው ሥር ሰካው። ሁለቱ ዲስኮች እንደገና አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ አልተዋወቁም። ኮምፒውተሩ እሷ ባመጣችው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀ። ባለካሜራው ማውሱን ያዘ።

«ሙከራዎቹም እኮ እዚህ ላይ ነበሩ» አለ፤ ዓይን ዓይኗን እያየ።

«የምን ሙከራ?» አለች።

ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ «ተዪው፣ ምንም አይደል» አለና «አዎ» የሚለውን ተጫነው።